ቮልቮ ኤክስሲ90 ወይስ አውዲ ኪው7? ሦስት የልጅ ወንበር፣ አንዳንዴም ሰባት ሰው

የሦስት እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምርጫዬ ሁለት መኪና ላይ ቆሟል፤ ቮልቮ ኤክስሲ90 እና አውዲ ኪው7። ሁለቱም ባለ ሦስት ረድፍ፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ከ2019 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. የተሠሩ። የሚጫነው ይኼ ነው፦ የ2፣ የ5 እና የ8 ዓመት ልጆች፣ ሦስቱም በየራሳቸው የልጅ ወንበር። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ደግሞ አንድ ወይም ሁለት አዋቂ ይጨመራል።

ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ቆዳው ልስላሴ እስኪበቃኝ አንብቤያለሁ። ማንም የማይጽፈው ግን ልጆቹ ታስረው እያሉ ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚገባ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የትኛው ሞተር ነው ጋራዥ የማያመላልስ?

ቀበቶ እሰሩ፦

ከሞተሩ በፊት አይሶፊክሱን፣ ማለትም የልጅ ወንበር ያለ ቀበቶ በቀጥታ የሚቆለፍበትን የብረት ማያያዣ፣ ቁጠሪ። ሁለቱ መኪኖች በጣም የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ባለ ሰባት ወንበሩ ኪው7 በሁለተኛው ረድፍ ሦስቱም ቦታ ላይ፣ በሦስተኛው ረድፍም ሁለቱም ላይ አይሶፊክስ አለው። ከሾፌሩ ኋላ አምስት ቦታ ማለት ነው። ኤክስሲ90 ያለው በሁለተኛው ረድፍ ዳርና ዳር ብቻ ነው። መሀሉ በመኪናው ቀበቶ ይታሰራል፣ ሦስተኛው ረድፍም እንደዚያው። በምትኩ ቮልቮ መሀለኛው ወንበር ውስጥ የተሠራ ከፍ ማድረጊያ አለው፤ ከ15 እስከ 36 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይሆናል። የ8 ዓመቱ ያለ ተጨማሪ ዕቃ እዚያ ይቀመጣል። ሁሉም መኪና ላይ ስለማይገጠም የመሀሉን መቀመጫ ፊት ለፊት ጎንበስ ብለሽ መክፈቻው መኖሩን እዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚገባው የሁለተኛው ረድፍ የዳር ወንበር ወደ ፊት ሲታጠፍና ሲንሸራተት ነው። የልጅ ወንበር የታሰረበት የዳር ወንበር አይታጠፍም። ስለዚህ ከሁለቱ ዳሮች አንዱ ነጻ፣ ወይም በቀላሉ የሚነሳ ነገር የተቀመጠበት መሆን አለበት።

በኪው7 እንዲህ ይደረደራል፦ የ2 ዓመቱ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በአንዱ ዳር፣ የ5 ዓመቱ መሀል ላይ በአይሶፊክስ፣ የ8 ዓመቱ በሌላው ዳር በከፍ ማድረጊያ። ሰው ሲመጣ የ8 ዓመቱ ይወርዳል፣ ከፍ ማድረጊያው ይነሳል፣ ወንበሩ ይታጠፋል፣ እንግዳው ወደ ኋላ ይገባል። የታሰሩት ሁለቱ አይነኩም።

በኤክስሲ90 ነገሩ ይጠላለፋል። የ2 እና የ5 ዓመቶቹን በአይሶፊክስ ካሰርሽ ዳርና ዳሩን ይይዙታል፤ የ8 ዓመቱ መሀል በተሠራው መቀመጫ ላይ ይመቸዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ ግን ተዘጋ። መፍትሔው የ5 ዓመቱን ወንበር መሀል ላይ በመኪናው ቀበቶ ማሰር ነው። ብዙዎቹ የልጅ ወንበሮች በቀበቶ እንዲታሰሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ጎናቸው ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። በዚህ ጊዜ ግን የቮልቮው መልካም ፈጠራ ከወንበሩ ሥር ተኝቶ ይቀራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። አይሶፊክስ ብቻውን የሚሸከመው ወንበሩንና ልጁን አንድ ላይ ደምሮ 33 ኪሎ ነው። ወንበሩ 14 ኪሎ ከሆነ ልጁ 19 ሲሞላ ያ ጉዳይ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ልጁን የሚይዘው የመኪናው ቀበቶ ነው። ስለዚህ ለ5 ዓመቱ የኪው7 ብልጫ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ለ2 ዓመቱ ግን ዓመታት አሉት። ሁለተኛው፣ ወለሉ ላይ የሚቆም የድጋፍ እግር ያለውን ወንበር መሀል ላይ አታስቢው። የሁለቱም መኪና ወለል መሀሉ ጉብ ያለ ነው፣ እግሩ በትክክል አይቆምም።

ስፋቱን በሜትር ለኪ። አይ-ሳይዝ የሚባለው ደረጃ እስከ 44 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የልጅ ወንበር ይፈቅዳል። እንደዚያ ያሉ ሦስት ከሆኑ 132 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቀበቶ መቆለፊያዎቹን የምታገኚበት ጣት ማስገቢያም አይተርፍሽም። ቢያንስ አንዱ ጠበብ ያለ ይሁን።

ጎማ ቆጣሪ፦

በቁመት ነገር ልጨምር። ቮልቮ ራሱ ሦስተኛውን ረድፍ የሚለው እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው ነው። ጭንቅላት ይበቃል፤ የሚያስቸግረው ወለሉ ከፍ ስለሚል ጉልበት ወደ ደረት መምጣቱ ነው። የሁለተኛው ረድፍ ወንበሮች በሁለቱም መኪና በየግላቸው ይንሸራተታሉ (ቮልቮ 12፣ አውዲ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል)፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የልጅ ወንበር ካለ ግን ያ ወንበር ካለበት አይነቃነቅም። አዋቂውን ከ2 ዓመቱ ኋላ አታስቀምጡት።

ኪው7 በ11 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 5.06 ሜትር ለ4.95። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግን እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም 2.99 ሜትር አካባቢ። ትርፉ ርዝመት ለጉልበት ቦታ አይሆንም።

ሰባቱ ወንበር ሲዘረጋ ከኋላ የሚቀረው የዕቃ ቦታ በሁለቱም 300 ሊትር አካባቢ ነው። የብሮሹሩን ቁጥር ማፎካከር ከንቱ ነው፤ አንዱ እስከ መስኮት፣ ሌላው እስከ ጣሪያ ይለካል። የሕፃን ጋሪውን አጣጥፋችሁ ጫኑት፣ በሩን ዝጉት፣ አለቀ። የኪው7 ሦስተኛ ረድፍ በኤሌክትሪክ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ይነሳል፣ ይታጠፋል። የቮልቮው በእጅ ነው፤ ፈጣኑ ግን የእጁ ነው!

ባለ መፍቻ፦

እህቴ፣ ስለ ሞተሩ።

ኤክስሲ90 ምንም ዓይነት ይሁን ከኮፈኑ ሥር ያለው ባለ 4 ሲሊንደር 2.0 ሊትር ሞተር ነው፤ ወደ ጎን ተጋድሞ፣ ባለ 8 ማርሽ የአይሲን ካምቢዮ ይዞ። ልዩነቱ አየር የሚነፋለት ነገር ነው። ቢ5 የሚባለው የቤንዚን ዓይነት በቱርቦ 250 ፈረስ ጉልበት፣ ቢ6 በቱርቦና በኤሌክትሪክ መጭመቂያ 300 ይሰጣል። ከእነሱ በፊት የነበረው ቲ6 ቱርቦም በቺንጋ የሚዞር ሱፐርቻርጀርም ነበረው። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሰባት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ቢ5 ይጮኻል፤ ይወጣል ግን ይጮኻል። ቢ6ን ፈልጊ።

በ2015 እና በ2016 የተሠሩት የዚህ ሞተር ቀደምት ምርቶች በፋሻው ምክንያት ዘይት ይበሉ ነበር። አንቺ የምትፈልጊያቸው ዓመታት ከዚያ በኋላ ናቸው፤ ያም ሆኖ ከመግዛትሽ በፊት የዘይቱን መጠን በስክሪኑ ላይ አስነብቢ። የሚፈልገው ዘይት 0ደብሊው-20 ሲሆን ጣሳው ላይ የቮልቮው ቪሲሲ አርቢኤስ0-2ኤኢ ፈቃድ መጻፍ አለበት፤ መጠኑ 6 ሊትር ገደማ። የጊዜ ማስተካከያው ቺንጋ ጎማ ነው፣ ሰንሰለት አይደለም። ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። የ2019 መኪና ትንሽ ስለነዳ ቺንጋው አዲስ ነው ማለት አይደለም።

ኪው7 ላይ ምርጫው ይሰፋል። ከቤንዚኖቹ 45 ቲኤፍኤስአይ የሚባለው 2.0 ሊትር ነው። 55 ቲኤፍኤስአይ 3.0 ሊትር ቪ6፣ 340 ፈረስ ጉልበት፣ 500 ኒውተን ሜትር፤ ቱርቦው ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሀል የተቀመጠ፣ ጊዜውን በሰንሰለት የሚያስኬድ። ለሰባት ሰው የተሠራ ሞተር ቢኖር እሱ ነው። ጥንቃቄ፦ በአንዳንድ ገበያ «2019» ተብሎ የተሸጠ ኪው7 ገና የቀድሞውን ሱፐርቻርጀር ያለውን ቪ6 ይዟል። የእሱ የውሃ ፖምፓና ቴርሞስታት የተቀበሩት ከሱፐርቻርጀሩ ሥር ነው፤ ፕላስቲካቸው ሲሰነጠቅ ውሃው ቀስ ብሎ ይጎድላል፣ ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ለመድረስ የሚፈታው ብዙ ነው። ኮፈኑን ክፈቺ፤ ከላይ ሰፊ የብረት ሣጥን ከታየሽ ያ ነው።

ናፍጣው 50 ቲዲአይ 286 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ለረጅም መንገድ ግሩም ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ለሚያመላልስ 4 ኪሎ ሜትር ግን አይሆንም። የጭስ ማጣሪያው ጥቀርሻውን ለማቃጠል ሞቆ ለ15፣ ለ20 ደቂቃ መነዳት ይፈልጋል። በአጭር መንገድ ይደፈናል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት መለኪያው ከላይኛው ምልክት በላይ ሲያሳይ ደስ እንዳይልሽ፣ ናፍጣ ነው። ቮልቮ ናፍጣ መሥራቱን በ2024 አቁሟል፤ የመጨረሻው መኪና ራሱ ኤክስሲ90 ነበር።

የኪው7 ካምቢዮ የዜድኤፍ ባለ 8 ማርሽ ነው። «የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚባለውን አትመኚ፣ ዜድኤፍ ራሱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። መጠኑ የሚስተካከለው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በቀዝቃዛው ተሞልቶ የተዘጋ ካምቢዮ የተሳሳተ መጠን ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ ማርሽ ሲቀይር መምታት ይጀምራል።

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክሩበት መንገድ ይለያያል። ኪው7 መሀል ላይ ቶርሰን የሚባል በጥርስ የሚሠራ ዲፈረንሻል አለው፤ ኃይሉን ሁልጊዜ ይከፍላል፣ ለኋላ 60 ከመቶ። የኤክስሲ90 ቤንዚኖች ከኋላ ዲፈረንሻሉ ፊት በዘይት ግፊት የሚጨብጥ ክላች አላቸው። የዚያ ክላች ብናኝ የፖምፓውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ፖምፓው ይቃጠላል፣ መኪናው ዝም ብሎ የፊት ጎማ ብቻ ይሆናል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ላይበራ ይችላል። በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ዘይቱ ይቀየር፤ ሲቀየር ፖምፓው ወጥቶ ወንፊቱ ይታጠብ። ብዙ ቦታ ዘይቱን ብቻ ይቀይራሉ፣ ያ ግማሽ ሥራ ነው።

የሦስት እናት፦

እናመሰግናለን ባለ መፍቻ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባትሪው ከሶኬት የሚሞላው፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚያጣምረው ተሰኪ ሃይብሪድስ? ደግሞም የአየር ሰስፔንሽን ያለውን ልግዛ ወይስ ልሽሽ?

ባትሪው፦

ተሰኪ ከፈለግሽ ምርጫው ያለቀ ነው። ተሰኪው ኪው7 ባትሪውን ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ስላስቀመጠ ሦስተኛ ረድፍ የለውም፣ ባለ አምስት ወንበር ብቻ ነው። ተሰኪው ኤክስሲ90፣ ቲ8 የሚባለው፣ ባትሪውን የደረደረው መሀል ወለሉ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ሰባቱም ወንበር ተረፈ።

በቲ8 ቤንዚኑ የፊት ጎማ፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ የኋላ ጎማ ያሽከረክራል፤ በመሀል የሚያገናኛቸው ዘንግ የለም። ስለዚህ ባለ መፍቻ ያለው የክላች ችግር እዚህ የለም። የኋላ ሞተሩ ግን ራሱን የቻለ ውድ ዕቃ ነው። በሙከራ ስትነጂ ሬዲዮውን አጥፊ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄድሽ ከኋላ የሚያጉረመርም የኩሽኔታ ድምፅ አዳምጪ።

ዓመቱን ለዪ። በ2022 ሞዴል ወቅት ባትሪው ወደ 18.8 ኪሎዋት ሰዓት አደገ፣ የኋላ ሞተሩ ወደ 107 ኪሎዋት፣ ድምሩ 455 ፈረስ ጉልበት። በቤተ ሙከራ መለኪያ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከዚያ በፊት የነበረው ባትሪው ከ12 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው፣ የኋላ ሞተሩም 65 ኪሎዋት። አንድ ዓይነት ስም፣ ሁለት መኪና። አዲሱ በ16 አምፔር 3.7 ኪሎዋት እየወሰደ ባዶውን በ5 ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ማታ ሰክተሽ ጠዋት ማንሳት ነው። የምትሰኪበት ቦታ ከሌለሽ ግን ከባድ ባትሪ የተሸከመ የ2.0 ሊትር መኪና ነው የገዛሽው፣ ተዪው።

ከመፈረምሽ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን አስገብተሽ ሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የጠራው ጉድለት) ካለ ፈትሺ፣ በተለይ ሁለቱን። በ2025 የወጣው አንደኛው ከአንድ የሶፍትዌር ስሪት በኋላ የመጣ ነው፤ በ«ቢ» ማርሽ፣ ማለትም መኪናው በኤሌክትሪክ ሞተሩ በሚቀዘቅዝበት፣ ፔዳል ሳይነካ ቁልቁል 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ከተወረደ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በአዲስ ሶፍትዌር ይስተካከላል። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላኛው በአንዳንድ ተሰኪ ቮልቮዎች የባትሪ ሴሎች ውስጥ ሊፈጠር ስለሚችል የኤሌክትሪክ ሾርት ነው። ሁለቱም መሠራታቸውን በወረቀት ተቀበዪ፤ «ተሠርቷል መሰለኝ» መልስ አይደለም።

ባለ መፍቻ፦

የአየሩን በተመለከተ፣ ሽሺ። በሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከመው የአየር ከረጢት ጎማ ነው፣ በ8 እና በ10 ዓመት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ትንሽ ሲተነፍስ ኮምፕረሰሩ ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻ እሱም ይቃጠላል። አንድ ከረጢት የነበረው ችግር ሁለት ዕቃ ይሆናል።

ጎማ ቆጣሪ፦

በዚህ አልስማማም። ሰባት ሰውና ዕቃ ሲጫን ያለ አየር ያለው መኪና ኋላው ይወርዳል፣ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያያል፣ መሪውም ይቀላል። አየር ያለው ቁመቱን ራሱ ያስተካክላል። በአንዳንድ ገበያ ኪው7 ተጎታች 3,500 ኪሎ እንዲስብ የተፈቀደለትም አየር ሲኖረው ነው። በነገራችን ላይ አየር የሌለው ኤክስሲ90 ከኋላ ያለው ሞላ አይደለም፤ ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ የተጋደመ ከፋይበርና ከሙጫ የተሠራ አንድ ባልስትራ ነው። ዝገት አያውቅም፣ ቦታም አይፈጅም፣ ለሦስተኛው ረድፍ ያገዘውም እሱ ነው።

አየር ያለው መኪና እንዲህ ይፈተሻል። ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። ከእያንዳንዱ ጎማ እምብርት እስከ መከላከያው ጠርዝ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ በርም ሳይከፈት እንደገና ለኩ፤ በሩ ሲከፈት ሲስተሙ ሊነቃ ይችላል። አንዱ ጥግ ብቻ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ አየር ያፈሳል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ቁመት አስወጡት፤ ኮምፕረሰሩ እያቃሰተ መሀል ላይ ካቆመ ደክሟል። ጎማ ለመቀየር ክሪክ ከመግባቱ በፊት ሁለቱም ላይ የቁመት ማስተካከያው ከስክሪኑ ይጠፋል። ይኼን የረሳ ሰው መኪናው ክሪኩ ላይ ሆኖ ራሱን ሲያስተካክል ያያል።

ስለ ጎማ ሳልናገር አላልፍም። ባለ 19 ኢንቹን ምረጪ፤ ቮልቮ 235/55፣ አውዲ 255/55። 22 ኢንች ቸርኬው ያምራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ቸርኬው ነው። አንድ ጎማ ብቻ አዲስ አታስገቢ፤ ዙሪያው ስለሚለያይ ዲፈረንሻሉም ክላቹም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን ዕረፍት ያጣሉ። የዕቃ መጫኛውንም ወለል አንሺ፦ ስኮርት አለ? ወይስ የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ብቻ? ባለ ሰባት ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፣ የተቀደደ ጎማን ደግሞ ፈሳሽ አያድነውም።

የሦስት እናት፦

የአደጋ ፈተናውስ? ኤክስሲ90 97 ከመቶ፣ ኪው7 92 ከመቶ የሚል አይቻለሁ።

ቀበቶ እሰሩ፦

ሁለቱም በዩሮ ኤንካፕ፣ በአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታኝ ድርጅት፣ አምስት ኮከብ አላቸው። መቶኛው ግን የተለያየ ዓመት ፈተና ነው፤ ቮልቮው በ2015፣ አውዲው በ2019። ፈተናው በየጊዜው እየከበደ ስለሚሄድ የሁለት ዓመት ቁጥር አይነጻጸርም። ለልጆችሽ የሚለየው ወንበራቸው በትክክል መታሰሩ ነው።

ስለዚህ ልታዪ ስትሄጂ ሦስቱንም የልጅ ወንበር ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ሾፌሩም ከጎኑ የሚቀመጠውም ሰው የፊት ወንበሩን በሚመቻቸው ቦታ ያድርጉ። ከዚያ የ2 ዓመቱን ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ አዙረሽ እሰሪ፤ ከፊት ወንበሩ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የፊቱን ወደፊት ማስጠጋት አለብሽ፣ ያኔ የፊተኛው ሰው ጉልበት የት እንደሚደርስ እዪ። ቀጥሎ መሀሉን፣ በመጨረሻ ከፍ ማድረጊያውን። የ8 ዓመቱ ማንም ሳያግዘው ቀበቶውን ራሱ ይቆልፍ። መቆለፊያው ከመሀለኛው ወንበር ጎን ተቀብሮ እጁ ካልደረሰ፣ በየቀኑ ጠዋት አንቺ ነሽ ጎንበስ ብለሽ የምትቆልፊው። ይኼን በሁለቱም መኪና አድርጊ፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም ይጠብቅ።